መብራት ሲጠፋ ከየት ይቀጥላል? የብሎክቼይን ተቆጣጣሪ ፕሮግራም አፈታተን

ስለ ብሎክቼይን በየሻይ ቤቱና በየመኝታ ክፍላችን ብዙ ይወራል። አብዛኛው ወሬ ስለ ዋጋው ነው፤ ትናንት ይህን ያህል ነበር፣ ዛሬ ይህን ያህል ገባ የሚል። ይህ ጽሑፍ ስለ ዋጋ አይናገርም። የሚናገረው ከዚያ ሁሉ ጀርባ ሆኖ ገንዘብ ገባ አልገባም እያለ ስለሚመዘግብ አንድ ፕሮግራም ነው። ይልቁንም ይህ ፕሮግራም በድንገት ተቋርጦ ሲመለስ ሥራውን ካቆመበት በትክክል መቀጠሉ እንዴት እንደሚፈተን ያስረዳል።

ጉዳዩ ለእኛ ለዕጩ መምህራንም ያን ያህል ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴርና አይ.ኦ.ኤች.ኬ. የተባለው ኩባንያ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ ካርዳኖ በተባለው ብሎክቼይን አማካይነት ለመያዝ መስማማታቸው ተገልጾ ነበር። የሚመዘገበው ገንዘብም ይሁን ማርክ፣ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ወይም ከተዘለለ ጉዳቱ የሚደርሰው በሰው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ብሎክቼይን ምን እንደሆነ ባጭሩ እንመልከት። ብሎክቼይን በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚገኝ፣ ገጽ በገጽ የሚያድግ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ብሎክ ይባላል። በየብሎኩ ራስጌ ላይ የቀዳሚው ብሎክ ሃሽ ይጻፋል፤ ሃሽ ማለት ከብሎኩ ይዘት በስሌት የሚወጣ፣ እንደ ጣት አሻራ ሊቆጠር የሚችል ረዥም ቁጥር ነው። ከይዘቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ብሎኮቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙት በዚህ ዘዴ ነው። የመጀመሪያው የቢትኮይን ብሎክ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ብሎክ ይጨመራል። በኢቴሪየም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ በየ12 ሴኮንዱ ለአንድ ብሎክ ተራ ይደርሳል።

አንድ ነጋዴ በዚህ መንገድ ክፍያ ይቀበላል እንበል። ደንበኛው መክፈሉን ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ብሎክ ሲቆጥር አይውልም፤ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ያቆማል። ፕሮግራሙ አዲስ ብሎክ በመጣ ቁጥር ያነበዋል፤ ለነጋዴው የገባ ገንዘብ ካገኘ በሒሳቡ ላይ ይደምራል፤ በመጨረሻም በደብተሩ ላይ «እስከዚህ ቁጥር ደርሻለሁ» ብሎ ይጽፋል። ሒሳቡና ደብተሩ አንድ ላይ የፕሮግራሙ ሁኔታ ናቸው፤ ባለሙያዎቹ ስቴት ይሉታል።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እንዳለ ሲቋረጥ ነው። መብራት ሊሄድ ይችላል፤ ይህን እንኳ ለማንም ማስረዳት አያሻኝም። ሜሞሪ ሊያጥረው፣ ዲስኩ ሊሞላ፣ ወይም አንዱ ሠራተኛ አዲስ ስሪት ልጫን ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። ሰንሰለቱ ግን ማንንም አይጠብቅም። ፕሮግራሙ ቢተኛም ብሎኮቹ መውጣታቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ሲነቃ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ የት ደርሼ ነበር? ከዚያ ወዲህስ ምን ሆነ?

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይሻላል። ከ100 እስከ 105 ቁጥር ያላቸው ስድስት ብሎኮች አሉ እንበል። በ101ኛው ብሎክ 300፣ በ103ኛው 200፣ በ105ኛው 50 ብር ለነጋዴው ገብቷል (ለአነጋገር እንዲመች ብር እንበለው)። ትክክለኛው ድምር 550 ነው። አሁን ፕሮግራሙ የ103ኛውን ብሎክ 200 ብር ደምሮ፣ «103 ደርሻለሁ» ብሎ ሳይጽፍ መብራት ሄደ። ሲመለስ ደብተሩ 102 ይላል። ስለዚህ 103ኛውን እንደገና ያነባል፤ 200ውን እንደገና ይደምራል፤ መጨረሻ ላይ 750 ይወጣል። «እንግዲያው ደብተሩን አስቀድሞ ይጻፍ፣ ከዚያ ይደምር» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም አያዋጣም! ደብተሩ 103 ካለ በኋላ ሳይደምር ቢቋረጥ፣ ሲነቃ ከ104 ይቀጥላል፤ 200ው ጠፍቶ ይቀራል፤ ድምሩም 350 ይሆናል። በመጀመሪያው መንገድ ነጋዴው ያልገባለትን ገንዘብ ገባ ብሎ ዕቃ ያስረክባል፤ በሁለተኛው የከፈለ ደንበኛ አልከፈልክም ይባላል።

የሚታወቁት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው መደመሩንና ደብተሩን መጻፉን አንድ ድርጊት ማድረግ ነው። ዳታቤዝ የሚባሉት መዝገብ ያዦች ሁለት ጽሕፈት ወይ ሁለቱም እንዲጸና፣ ወይ አንዱም እንዳይጸና የማድረግ ችሎታ አላቸው፤ ይህም ትራንዛክሽን ይባላል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ክፍያ በመታወቂያ ቁጥሩ መመዝገብ ነው። ፕሮግራሙ 103ኛውን ብሎክ ደግሞ ቢያነብ እንኳ «ይህ ክፍያ አለኝ» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ አንዲት ረቂቅ ነገር አለች። በቢትኮይን አንድ የክፍያ ሰነድ ለአንድ ሰው በሁለት መስመር ሊከፍል ይችላል። የሰነዱ ቁጥር ብቻ መታወቂያ ከተደረገ ሁለተኛው መስመር «የተደገመ» ተብሎ ይጣላል። ስለዚህ የሰነዱ ቁጥርና የመስመሩ ተራ ቁጥር አንድ ላይ መያዝ አለባቸው።

መድኃኒቱ ታወቀ፤ መዋጡን በምን እናውቃለን? እዚህ ላይ ነው ፈተናው የሚመጣው። ቴስት ሲባል በእኛ አእምሮ የሚመጣው ወረቀት የሚያድል መምህርና የሚያልበው ተማሪ ነው። ዩኒት ቴስት በሚባለው ግን ፈታኙም ተፈታኙም ፕሮግራም ነው። ከትልቁ ሥራ አንዲት ክፍል ለብቻዋ ትወጣለች፤ የታወቀ ነገር ይሰጣታል፤ የምትመልሰው አስቀድሞ ከተዘጋጀው መልስ ጋር ይመሳከራል። ይህ አሠራር በሰፊው የታወቀው ጄዩኒት በተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ እርሱንም ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ እንደጀመሩት ይነገራል። ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ፈተናዎች በጥቂት ሴኮንድ ያልቃሉ፤ ፕሮግራሙ በተነካ ቁጥርም ይደገማሉ።

ሆኖም ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች መልሶ መነሣትን የሚፈትኑበት መንገድ አይረባም ብል ማጋነን አይሆንም። የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን ያስነሡታል፤ ጥቂት ብሎክ ያስነብቡታል፤ ከዚያ በትሕትና «አሁን ዝጋ» ይሉታል። ፕሮግራሙም ያለውን ሁሉ በሥርዓት ጽፎ ይዘጋል። መልሰው ያስነሡታል፤ ተነሣ፤ «አለፈ» ብለው ይጽፋሉ። መምህር ትምህርቱን ጨርሶ «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» እንደሚለው ማለት ነው። በማስተማር ልምምድ ላይ እንዲህ ብንጠይቅ ገምጋሚው መምህር ምን እንደሚለን ሁላችንም እናውቃለን። መብራት ሲሄድ እኮ «ልሄድ ነው፣ ደብተርህን ጻፍ» አይልም!

ትክክለኛው ፈተና ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው አስመሳይ ሰንሰለት ነው። ፈተናው እውነተኛውን ቢትኮይን ቢጠብቅ በ10 ደቂቃ አንድ ብሎክ ብቻ ያገኛል፤ የሚመጣውንም አያዝበትም። ስለዚህ በሜሞሪ ውስጥ ከላይ ያየናቸው ስድስት ብሎኮች በእጅ ይሠራሉ፤ ተቆጣጣሪው ፕሮግራም ብሎክ ሲጠይቅ ከእነዚህ ይሰጠዋል። በማይክሮ ቲቺንግ ጊዜ የራሳችን ጓደኞች ተማሪ ሆነው እንደሚቀመጡልን ነው። ተማሪዎቹ እውነተኛ አይደሉም፤ ነገር ግን የፈለግነውን ጥያቄ በፈለግነው ሰዓት እንዲጠይቁ ማድረግ እንችላለን።

ሁለተኛው መብራት አጥፊ ነው። ፕሮግራሙ በጻፈ ቁጥር የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በመሐል ይገባል፤ «በ1ኛው ጽሕፈት ላይ አቋርጥ» ሲባል ያቋርጣል፤ ምንም ስንብት የለም። ከዚያ ፕሮግራሙ ተጽፎ የተረፈውን ብቻ ይዞ እንደ አዲስ ይነሣና እስከ 105 ይሄዳል። ድምሩ 550 ነውን? ቀጥሎ በ2ኛው ጽሕፈት፣ ቀጥሎ በ3ኛው፣ እንዲህ እያለ ሳይቋረጥ እስኪጨርስ ድረስ ይቀጥላል። የፈተናው ሕግ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የትም ቦታ ቢቋረጥ ውጤቱ ፈጽሞ ካልተቋረጠው ጋር አንድ መሆን አለበት።

«ለምን በሁሉም ቦታ? አንድ ሁለት ቦታ ላይ ማየት አይበቃም ወይ?» ለሚል ሰው መልሱ ከምሳሌያችን ይገኛል። በመጀመሪያ ያየነው፣ ደምሮ ከዚያ ደብተር የሚጽፈው ስሕተተኛ ፕሮግራም በስድስቱ ብሎኮች ላይ 9 ጊዜ ይጽፋል፤ 3 ጊዜ ለድምር፣ 6 ጊዜ ለደብተር። እኔ አንድ በአንድ በወረቀት ተከታትያቸዋለሁ። በ3ኛው ጽሕፈት ላይ ከተቋረጠ 850፣ በ6ኛው ላይ 750፣ በ9ኛው ላይ 600 ይወጣል። በቀሩት ስድስት ቦታዎች ግን 550 ይመጣል፤ ልክ ነው! አንድ ቦታ ብቻ በግምት የመረጠ ፈታኝ፣ ከዘጠኝ ስድስት ጊዜ ስሕተተኛውን ፕሮግራም አሳልፎ ይመርቀዋል ማለት ነው።

ይህ አሠራር የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በየስልካችን ውስጥ የሚገኘው ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ሲሆን፣ የሚፈተነው በዚሁ መንገድ ነው። ሜሞሪ ሲጠይቅ መጀመሪያ 1ኛው ጥያቄ ይከለከላል፤ ቀጥሎ 2ኛው፤ ቀጥሎ 3ኛው፤ ሥራው ያለምንም እንቅፋት እስኪያልቅ ድረስ። ዲስክ ላይ ሲጽፍም እንዲሁ። በጽሕፈት መሐል ኮምፒዩተሩ የወደቀ እንዲመስል ተደርጎ ዳታቤዙ ደህና መነሣቱ ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ተመልሶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው መቋረጥ ሊነሣ እየሞከረ ሳለ ሁለተኛ ጊዜ ቢቋረጥስ? በምሳሌያችን ሁለት መቋረጥን አጣምሮ መፈተን ከ81 ሙከራ አይበልጥም። ለሰው አሰልቺ ነው፤ ለኮምፒዩተር የዓይን ጥቅሻ ነው።

እስካሁን ያልነው ለማንኛውም መዝገብ ያዥ ፕሮግራም የሚሠራ ነው። ብሎክቼይን ግን የራሱ የሆነ አመል አለው፤ ፕሮግራሙ ተኝቶ ሳለ ያለፈው ገጽ ራሱ ሊለወጥ ይችላል! ይህ እንዴት ይሆናል? ሁለት ኮምፒዩተሮች በተቀራረበ ጊዜ ሁለት የተለያዩ 103ኛ ብሎኮችን ሊያወጡ ይችላሉ። ለጊዜው ሰንሰለቱ ሁለት ቅርንጫፍ ይሆናል። በቢትኮይን ብዙ የስሌት ሥራ የተከማቸበት ቅርንጫፍ ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ይጣላል። በተጣለው ላይ የነበረ ክፍያ በአሸናፊው ላይ ከሌለ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል።

ብዙውን ጊዜ የሚጣለው አንድ ብሎክ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 የቢትኮይን ፕሮግራም አዲሱ ስሪት፣ ማለትም 0.8፣ የተቀበለውን አንድ ትልቅ ብሎክ አሮጌዎቹ ስሪቶች ሊቀበሉት አልቻሉም፤ የሚጠቀሙበት ዳታቤዝ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የቁልፍ ብዛት ስላልበቃ ነው። ሰንሰለቱ ከ225,430ኛው ብሎክ ጀምሮ ለሁለት ተከፈለ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ብሎክ አውጪዎቹ ተስማምተው ወደ አሮጌው መንገድ ሲመለሱ በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ የነበሩ 24 ብሎኮች ተጣሉ። በዚያ መሐል አንድ ሰው ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ መክፈል እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል። በኢቴሪየም ክላሲክ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ከ3,000 በላይ ብሎኮች ባንድ ጊዜ በሌላ ተተክተዋል።

አሁን ወደ ፕሮግራማችን ደብተር እንመለስ። ደብተሩ «103 ደርሻለሁ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ሲነቃ 104ን ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል፤ ደስ ብሎት ይቀጥላል። የበላው 103ኛ ብሎክ ከሰንሰለቱ መጣሉን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። 200ው ብር በሒሳቡ ላይ እንደ ጥላ ይቀራል። ስለዚህ ደብተሩ ከቁጥሩ ጋር የብሎኩን አሻራም መያዝ አለበት። ፕሮግራሙ ሲነቃ የመጀመሪያ ሥራው «የ103ኛው ብሎክ አሻራ ምንድን ነው?» ብሎ ሰንሰለቱን መጠየቅ ነው። በደብተሩ ካለው ጋር ከተስማማ መልካም። ካልተስማማ ወደ 102፣ ወደ 101 እያለ የሚስማማበት እስኪያገኝ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የተጣሉትን ብሎኮች ክፍያ ከሒሳቡ ያወጣል፤ ከዚያ በአዲሱ መንገድ ወደ ፊት ይሄዳል።

ይህን ለመፈተን አስመሳዩ ሰንሰለት እጅግ ይመቻል። ፕሮግራሙን 103 ላይ እንገድለዋለን፤ ተኝቶ ሳለ 102ንና 103ን በሌላ እንተካቸዋለን፤ እናስነሣዋለን። የመልስ ወረቀቱ ከየት ይመጣል? አዲሱን ሰንሰለት ብቻ ከመጀመሪያው ካነበበ፣ ተኝቶም ከማያውቅ ፕሮግራም። ሁለቱ ካልተስማሙ ወደቀ።

ወደ ኋላ ለመሄድ ደብተሩ ያለፉትን ብሎኮች አሻራ መያዝ አለበት። ስንት? በቢትኮይን ስድስት ብሎክ ሲያልፍ ክፍያው ጸና ማለት የተለመደ ስለሆነ ስድስት ብቻ የሚይዝ አይጠፋም፤ በ2013 ግን 24 ተጥለዋል። ለእኔ የሚመስለኝ ከቁጥሩ ይልቅ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሚስማማ አሻራ ፈጽሞ ካጣ ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል? በግምት ከመቀጠል ቆሞ ሰው መጥራት ይሻለዋል። ይህም መፈተን አለበት። ከያዘው አሻራ ሁሉ የሚበልጥ ብሎክ እንለውጥበታለን፤ ካልቆመ ወድቋል።

የተቀደደ ደብተርም አለ። ፕሮግራሙ ደብተሩን እየጻፈ በቃል መሐል ሊቋረጥ ይችላል። የተለመደው ጥንቃቄ በሌላ ፋይል ላይ ጽፎ፣ ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጦ፣ ከዚያ የአሮጌውን ስም ለአዲሱ መስጠት ነው። ለፈተናው ደብተሩ ከ1ኛው ፊደል፣ ከ2ኛው፣ ከ3ኛው ላይ እየተቆረጠ ይሰጠዋል። መነበብ ያለበት ወይ አሮጌው ሁኔታ ወይ አዲሱ ነው፤ ሦስተኛ ነገር መኖር የለበትም። ከሁሉም የከፋው ባዶ ደብተር ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ባዶ ደብተር ሲያይ «አዲስ ነኝ» ብሎ ከዛሬው ብሎክ ይጀምራል፤ ስሕተት የሚል ጽሑፍ የትም አይታይም፤ በመሐል የገባው ሁሉ ግን ተዘሏል። ደብተር ያልነበረውና ደብተሩ የጠፋበት አንድ አይደሉም።

ማስጠንቀቂያ መላክ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ፕሮግራሙ ገንዘብ ሲገባ ለነጋዴው በስልክ መልእክት ይልካል እንበል። መደመርና ደብተር መጻፍን አንድ ድርጊት ማድረግ ይቻላል ብለናል፤ የተላከ መልእክት ግን አይመለስም። ልኮ «ልኬአለሁ» ሳይል ቢቋረጥ ሁለት ጊዜ ይልካል፤ አስቀድሞ «ልኬአለሁ» ብሎ ቢቋረጥ ፈጽሞ አይልክም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እኔ ብመርጥ ሁለት ጊዜ ይላክ፤ መልእክቱ ላይ የክፍያው ቁጥር ካለ ነጋዴው መደገሙን ያውቃል። የፈተናውም ሕግ ለዚህ ይላላል፤ ለድምሩ «በትክክል አንድ ጊዜ»፣ ለመልእክቱ «ቢያንስ አንድ ጊዜ» ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ የዩኒት ቴስትን ወሰን መዘንጋት አይገባም። አስመሳዩ ዲስክ ታዛዥ ነው፤ እውነተኛው ዲስክ ጻፍኩ ብሎ ያልጻፈበት ጊዜ አለ። አስመሳዩ ሰንሰለትም እኛ ያሰብነውን አመል ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኞች ከዩኒት ቴስቱ በተጨማሪ እውነተኛውን ፕሮግራም በእውነተኛ ኮምፒዩተር ላይ አልፎ አልፎ በድንገት ይገድሉታል።

ለአንባቢ የቀረበ ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ ከላይ ያየናቸውን ብሎኮች እስከ 104 አንብቦ፣ ሁሉንም በሚገባ ጽፎ ተቋረጠ። ተኝቶ ሳለ 103ኛውና 104ኛው ተጥለው፣ 80 ብር የያዘ አዲስ 103ኛ፣ ምንም ክፍያ የሌለው አዲስ 104ኛ፣ 50 ብር የያዘ 105ኛ መጡ። አሻራ የሚይዘው ፕሮግራም ስንት ይደምራል? ቁጥር ብቻ የሚይዘውስ? ከሁለተኛው ስሕተት ውስጥ ስንቱ የጥላ ገንዘብ፣ ስንቱ የተዘለለ ገንዘብ ነው? መልሱን ያገኘ በወረቀት ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ይለጥፍልን።